አንዲት ኖዝል ስንት ታወጣለች?

በአሜሪካ የፍጥነት መኪና ዕቃ በሚሸጡ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ከሚታዩት ሸቀጦች ሁሉ በመጠንም ሆነ በዋጋ እዚህ ግባ የማትባለው ኖዝሏ ናት። ከነሐስ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራች፣ የአውራ ጣት ያህል ርዝመት ያላት፣ አንገቷ ላይ ጥርስ የወጣላት ትንሽ ዕቃ ናት። ለብቻዋ ስትገዛ ከጥቂት አሥር ዶላሮች አታልፍም። ይሁንና ያለቦታዋ ከተተከለች ብዙ ሺህ ዶላር የወጣበትን ሞተር ፒስተን በአንድ የሩብ ማይል ሩጫ ልታቀልጥ ትችላለች። የሸቀጡ ዋጋ ትንሽ ሆኖ የቀዳዳው ቦታ ውድ የሆነበት ገበያ ብዙ አይደለም።

ገበያው የናይትረስ ኦክሳይድ ገበያ ነው። መኪናቸውን ለውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ጋዙን በቦምቦላ አስሞልተው የኋላ ኮፈን ውስጥ ያስሩታል፤ በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ ይወስዱታል፤ በኖዝሏ በኩል ሞተሩ አየር ወደሚስብበት ቱቦ ይረጩታል። ነጂው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቫልቭ፣ ማለትም ሶሌኖይዱ ይከፈትና ሞተሩ ላይ 50፣ 100 ወይም 150 የፈረስ ጉልበት ይጨመራል። እግሩን ሲያነሳ ሞተሩ ተመልሶ የቀድሞው ሞተር ይሆናል።

በሕክምና ቤት «የሳቅ ጋዝ» በመባል የሚታወቀው ይህ ጋዝ ብዙዎች እንደሚገምቱት ነዳጅ አይደለም፤ በራሱም አይነድም። ሥራው ኦክስጅን ማጓጓዝ ብቻ ነው። የምንተነፍሰው አየር በክብደት 23 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ ናይትረስ ኦክሳይድ 36 በመቶ ይይዛል። በሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ኃይለኛ ሙቀት ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ኦክስጅን ሲበዛ ብዙ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል፤ ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል። ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ከአዋሽ ሸለቆ ተነስቶ ወደ ከተማይቱ የሚወጣ መኪና ጉልበቱ የሚያንሰው ነዳጅ አንሶት ሳይሆን አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ናይትረስ የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንዶች ከባሕር ወለል በታች ያወርደዋል እንደ ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን አየር ኃይል ጋዙን «ጂ.ኤም. 1» በሚል መጠሪያ የተጠቀመበት ለዚሁ ዓላማ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ጉልበት እንዳያጡ። ከጦርነቱ በኋላ ዕውቀቱ ወደ መኪና ውድድር ገባ፤ መጀመሪያ የገባውም በጓዳ በር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በዴይቶና 500 ማጣሪያ ላይ ኤ.ጄ. ፎይትና ዳረል ዋልትሪፕ ያስመዘገቡት ሰዓት ሕገወጥ አጋዥ ተጠቅመዋል በሚል ተሰርዟል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ማይክ ተርሞስና ዴል ቫዝናይን የተባሉ ሰዎች በካሊፎርኒያ ናይትረስ ኦክሳይድ ሲስተምስን፣ በአጭሩ ኖስን አቋቋሙ፤ በስውር ይሠራ የነበረው ነገርም በካርቶን ታሽጎ ከመመሪያው ጋር የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የኩባንያ ታሪክ ነው። በካርቡራተር ሥራ የታወቀው ሆሊ ኖስን በ1999 ገዛው። በ2001 «ዘ ፋስት ኤንድ ዘ ፊዩሪየስ» የተሰኘው ፊልም ለእይታ ሲበቃ የቦምቦላው ሰማያዊ ቀለም መኪና የሌላቸው ወጣቶች ሳይቀሩ የሚያውቁት ሆነ። ለአንድ የዕቃ አምራች እንዲህ ያለ ነፃ ማስታወቂያ በዕድሜ አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው። ዝና ግን ዕዳ አይከፍልም፤ ሆሊ በ2008 እና በ2009 ሁለት ጊዜ ከአበዳሪዎቹ ለመጠበቅ ፍርድ ቤት ገብቷል። ከዚያ አገግሞ በ2021 አክሲዮኑን በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ማሻሻጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሸማቾች መኪናቸውን ለማስዋብና ለማጎልበት በዕቃ ላይ ያወጡት ገንዘብ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር የዘርፉ ነጋዴዎች ማኅበር ሴማ አስታውቋል። ናይትረስ ከዚህ ውስጥ ትንሹን እጅ ነው የሚይዘው፤ በአመላለሱ ግን የተለየ ነው።

ለመግዛት ርካሽ፣ ለመንዳት ውድ

ልዩነቱ ያለው በወጪው አደረጃጀት ላይ ነው። አንድ ኖዝል ያለው ሙሉ ዕቃ፣ ቦምቦላው፣ ሶሌኖይዶቹ፣ ቱቦዎቹና ማብሪያው ጭምር፣ ከብዙ መቶ ዶላር እስከ ሺህ ዶላር ጥቂት አለፍ ብሎ ይገኛል። ተመሳሳይ ጉልበት በቱርቦ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ማዘጋጀት አለበት። ቱርቦ ግን አንዴ ከተገዛ በኋላ በየሩጫው ሂሳብ አይጠይቅም። ናይትረስ ይጠይቃል። ለ100 የፈረስ ጉልበት በየአሥር ሰከንዱ አንድ ፓውንድ የሚጠጋ ጋዝ ያልቃል። የአንዱ ፓውንድ መሙያ ዋጋ እንደየአካባቢው ከ5 እስከ 10 ዶላር ይደርሳል።

ለስሌት እንዲያመች ዕቃው 900 ዶላር፣ ቱርቦው 5,000 ዶላር፣ ጋዙ በፓውንድ 7 ዶላር ነው እንበል። ባለ 10 ፓውንድ ቦምቦላ በ70 ዶላር ይሞላል። ወደ መጨረሻው ግፊቱ ስለሚወርድ በተግባር ስምንት ያህል ሩጫ ቢሰጥ ነው። በመግዣው ላይ የተገኘው የ4,100 ዶላር ቁጠባ የሚያልቀው ከ58 ሙሌት በኋላ ይሆናል። በዓመት አራት ጊዜ የሚያስሞላ ሰው ቱርቦ ባለመግዛቱ የሚቆጭበት ቀን ከ14 ዓመት በኋላ ነው፤ ምናልባትም መኪናውን ከሸጠ ከርሟል። በየሳምንቱ የሚያስሞላው ግን በዓመት ከአንድ ወር ውስጥ ከስሯል። ናይትረስ አልፎ አልፎ ለሚሮጥ ሰው የተሠራ ዕቃ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ስሌት ግን አንድ ሒሳብ ትቷል። የሞተሩን። የሞተሩ ዋጋ 6,000 ዶላር ነው እንበል፤ አገጣጠሙ ጥሩ ስላልሆነ በእያንዳንዱ ሙሌት ከመቶ አንድ የመበላሸት ዕድል አለው እንበል። ይህ ማለት በ70 ዶላሩ ሙሌት ላይ ሳይታይ የተጨመረ 60 ዶላር አለ ማለት ነው። ዕድሉ ከሺህ አንድ ቢሆን የማይታየው ወጪ ወደ 6 ዶላር ይወርዳል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ቢሆኑም አመክንዮው ለማንኛውም ባለጋራዥ ይሠራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የ54 ዶላር ልዩነት በየሙሌቱ የሚገኝ የጥሩ እጅ ዋጋ ነው። ደንበኛው ግን ይህን ልዩነት በደረሰኝ ላይ አያየውም። የሚያየው የእጅ ዋጋውን ብቻ ስለሆነ የሚከራከረው በእሱ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜም «ኖዝሏን ራሴ እገጥማታለሁ» ብሎ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል።

ቀዳዳው የት ይሁን?

መግጠሙ በሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ቱቦ ይበሳል፣ ጥርስ ይወጣለታል፣ ኖዝሏ ትታሰራለች። የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። ቱቦው መኪናው ላይ እንዳለ በትራፓኖ የሚበሳ ሰው ፍቅፋቂውን ሞተሩ ውስጥ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቱቦው መውለቅ አለበት። አብዛኞቹ ኖዝሎች ባለ 1/8 ኢንች የቧንቧ ጥርስ ናቸው። ወፍራም አሉሚኒየም ጥርሱን ይይዛል፤ የዛሬዎቹ መኪኖች የሚጠቀሙበት ስስ ፕላስቲክና ላስቲክ ግን አይዝም። ለዚህ ከውስጥ በኩል በዳዶ የሚታሰር ማቀፊያ አለ፤ ቱቦው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ጥርስ ያለው ጉብታ ይበየድለታል። በጥርሱ ላይ ነጭ የቧንቧ ቴፕ መጠምጠም የቧንቧ ሠራተኛ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ እዚህ ቦታ የለውም፤ ከቴፑ የተቀነጨበች ስስ ክር የሶሌኖይዱን ወይም የኖዝሏን መውጫ ለመድፈን ትበቃለች። የሚመከረው ፈሳሽ ማጣበቂያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ በዘዴው ዓይነት ይወሰናል። «ደረቅ» የሚባለው ዘዴ በኖዝሏ ጋዙን ብቻ ይረጫል፤ ተጨማሪውን ቤንዚን የሚሰጡት የመኪናው የራሱ የነዳጅ መርጫዎች ናቸው። «እርጥብ» የሚባለው ደግሞ ጋዙንና ቤንዚኑን በአንዲት ኖዝል አቀላቅሎ ይረጫል። በደረቁ ዘዴ የሚተላለፈው ጋዝ ብቻ ስለሆነ ኖዝሏ ከሞተሩ ራቅ ብትል ብዙም አይከፋም። እንዲያውም አንዳንዶች ሆን ብለው ከአየር መለኪያው በፊት ይተክሏታል፤ መለኪያው በቅዝቃዜው ምክንያት ብዙ አየር የገባ መስሎት ለኮምፒዩተሩ ሲነግር ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ብልሃት የተሞላበት ማታለል ነው፤ የመለኪያው አቅም እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ይሠራል።

በእርጥቡ ዘዴ ግን ቦታ ሁሉ ነገር ነው። ኖዝሏ ከአየር መለኪያው በኋላ፣ ከስሮትሉ ከ8 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ግድም ቀደም ብላ፣ ቀጥ ባለው የቱቦው ክፍል ላይ፣ ርጭቷ ወደ ሞተሩ ዞሮ የአየሩን መሀል እንዲመታ ሆና ትያዛለች። ምክንያቱ የቤንዚን ጠብታ ክብደት ያለው መሆኑ ነው። አየር ኩርባን ይታጠፋል፤ ጠብታ ግን እንደ ፍሬኑ እንደተበጠሰ መኪና ቀጥ ብሎ ሄዶ የኩርባውን ግድግዳ ይመታል፤ ከዚያም በቱቦው ወለል ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። አንዱ ሲሊንደር ቤንዚን ሲበዛበት ሌላው ጋዙን ብቻ ይቀበላል። ኦክስጅን በዝቶበት ቤንዚን ያነሰው ሲሊንደር ሙቀቱ ያሻቅባል፤ መጀመሪያ ካንዴላው ይነድዳል፣ ቀጥሎ ፒስተኑ ይቀልጣል። ዘመናዊ የፕላስቲክ ማኒፎልድ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨምራል። የተሠራው አየር ብቻ እንዲያልፍበት ስለሆነ በወለሉ ላይ ቤንዚን ሊያቁር ይችላል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ከተኮሰ ያ ቤንዚን ማኒፎልዱን ይሰባብረዋል።

አንዲት ኖዝል ለስንት ሲሊንደር ትበቃለች የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም ከዚሁ ነው። ባልተነካ ሞተር ላይ ለአራት ሲሊንደር ከ40 እስከ 60፣ ለስድስት ከ75 እስከ 100፣ ለትንሹ ባለ ስምንት ደግሞ እስከ 140 የፈረስ ጉልበት መጨመር በአምራቾች ዘንድ የተለመደ ልክ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱን ኖዝል ይተክላል። ስምንት ቀዳዳ፣ ስምንት ኖዝል፣ በልክ የታጠፉ አሥራ ስድስት ቀጫጭን ቱቦዎች። እዚህ ላይ የእጅ ዋጋው የዕቃውን ዋጋ አልፎ ይሄዳል፤ ጥሩ ቱቦ አጣፊ የሆነ ባለሙያም በከተማው ስም ያተርፋል።

የጋዙን መጠን የምትወስነው ኖዝሏ ውስጥ የምትገባው፣ ቀዳዳዋ በኢንች ሺኛ የሚለካ ትንሽ ጄት ናት። ጄቷ የምትሠራው ግን የቦምቦላው ግፊት ልኩን ሲጠብቅ ነው፤ ይኸውም ከ900 እስከ 950 ፓውንድ በካሬ ኢንች። ግፊቱ ከሙቀት ጋር ይወጣል ይወርዳል። ቦምቦላው ከቀዘቀዘ ጋዙ ያንስና ቤንዚኑ ይበዛል፣ መኪናው ይደክማል፤ ከሞቀ ጋዙ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይጎዳል። በቀዝቃዛ ማለዳ ቦምቦላውን በእሳት ለማሞቅ የሚሞክሩ ሰዎች ስለነበሩ የአሜሪካ የቀጥታ ውድድር ማኅበር ኤን.ኤች.አር.ኤ. ሙቀቱን ራሱ ከሚቆጣጠር ብርድ ልብስ መሰል ማሞቂያ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ከልክሏል። የተቀረው ጥንቃቄ የታወቀ ነው፤ ለእያንዳንዱ 50 የፈረስ ጉልበት ማቀጣጠያውን ሁለት ዲግሪ ያህል ማዘግየት፣ ቀዝቃዛ ካንዴላ መግጠም፣ ሞተሩ 3,000 ዙር ሳይደርስ ጋዙ እንዳይከፈት ማብሪያ ማሰር።

ሞተሩ ሲሄድ ማን ይከፍላል?

ፋብሪካው አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ አንድ አምራች ባዕድ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትናውን እንዳይሰርዝ ይከለክላል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ያ ዕቃ መሆኑን ካሳየ ግን እምቢ ማለት ይችላል። የቀለጠ ፒስተን ይህን ለማሳየት ብዙ አያስቸግርም። የጋዝ ዕቃው ሻጭም መመሪያውን አብሮ ስለሰጠ ከጉዳዩ ይወጣል። ስለዚህ ክርክሩ የሚቀረው በደንበኛውና ቀዳዳውን በበሳው ጋራዥ መካከል ነው። ጠንቃቃ ጋራዥ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያስፈርማል፤ ሲጨርስም መኪናውን በጉልበት መለኪያ ላይ አቁሞ የቤንዚንና የአየሩን መጠን የሚያሳየውን ወረቀት ያትማል። ያ ወረቀት ለደንበኛው የኩራት ማስረጃ፣ ለጋራዡ ደግሞ የመድን ውል ነው።

የሕጉ ጎንም አለ። በካሊፎርኒያ በሕዝብ መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና የሚሸጥ ተጨማሪ ዕቃ ከአየር ሀብት ቦርዱ የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅትም ከ2020 እስከ 2023 ባሉት የበጀት ዓመታት የጭስ መቆጣጠሪያን የሚያሰናክሉ ዕቃዎችን ማስቆም ልዩ ዘመቻው አድርጎት ነበር። ቁጥር ያለውና ቁጥር የሌለው ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም ለነጋዴው አንድ ሸቀጥ አይደሉም።

የአንድ ፋብሪካ ፍንዳታ

ነጋዴዎች ከኖዝሏ ይልቅ የሚወዱት ሙሌቱን ነው። ጋራዡ ከጋዝ አከፋፋይ በትልቁ፣ በሥራው ቋንቋ «እናት» በሚባለው ሲሊንደር ይገዛል፤ በፓምፕ ወደ ትናንሾቹ ቦምቦላዎች እያዛወረ በፓውንድ ይቸረችራል። ምላጩን ደጋግሞ ለመሸጥ መያዣውን በርካሽ እንደሚሰጥ ነጋዴ ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ንግድ ደካማ ጎን ምላጩ የጠፋ ዕለት ነው፤ ያ ዕለትም በነሐሴ 2016 መጣ።

ናይትረስ ኦክሳይድ የሚሠራው ለማዳበሪያ የሚውለውን አሞኒየም ናይትሬት በማሞቅ ነው። ኤርጋስ የተባለው ኩባንያ በፍሎሪዳ ካንቶንመንት የነበረው ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2016 ፈንድቶ አንድ ሠራተኛ ሞተ። የፈረንሳዩ ኤር ሊኪድ ኤርጋስን ጠቅልሎ ከገዛው ገና ጥቂት ወራት ነበር። ኩባንያው የቀረውን ጋዝ በቅድሚያ ለሆስፒታሎች አደረገ። ጉድለቱ ለሕዝብ ጎልቶ የታየው ማንም ባልጠበቀበት ቦታ ነው፤ በዚያ ዓመት የገና ሰሞን በቆርቆሮ የሚሸጠው የክሬም አረፋ ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ጠፋ፤ አረፋውን የሚነፋው ይኸው ጋዝ ነውና። ሰልፉ ከሆስፒታልና ከምግብ ፋብሪካ ቀጥሎ ሲሆን የጋራዥ ተራ የት ላይ እንደሚሆን ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

ለመኪና የሚሸጠው ጋዝ ከሚሊዮን 100 ክፍል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨመርበታል። ሞተሩን አይጎዳም፤ ሊተነፍሰው የሚሞክርን ሰው ግን ያንቀዋል። ጋዙን ለስካር የሚያውሉት ስለበዙ ኔዘርላንድ በጥር 2023፣ ብሪታንያ በኅዳር 2023 ቁጥጥር አድርገውበታል፤ ለሕጋዊ ሥራ የሚፈልገው ሰው ባይከለከልም ለምን እንደፈለገው ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የገበያው መጪ ጊዜ የሚያሰጋው ግን ከሌላ ወገን ነው። ዛሬ ብዙ መኪኖች ከፋብሪካው ከነቱርቧቸው ይወጣሉ፤ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ለውጥ ብቻ ጉልበት የሚጨምር ሰው ቱቦ አይበሳም። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የሚስበው አየር የለም፣ ኖዝል የሚያዝበት ቱቦም የለውም። ቢሆንም በመንገድ ላይ ያሉት ነባር ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪኖች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስለሆኑ ጋዝ ሞይዎች ሱቃቸውን ለመዝጋት አልተቻኮሉም።

ቀዳዳው ዋጋውን መልሶ የሚጠይቀው መኪናው በሚሸጥበት ቀን ነው። ሻጩ ቦምቦላውንና ኖዝሏን አውልቆ ለብቻ ይሸጣል፤ በቱቦው ላይ የቀረውን ቀዳዳ ባለጥርስ መድፈኛ ያስገባበታል፣ ወይም ቱቦውን በሙሉ ይቀይራል። ያገለገለ መኪና የሚገዙ አዋቂዎች ታዲያ ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ የሚዳብሱት የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ነው። እዚያ ምንም ካላገኙ ወደ ኋላ ሄደው የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ያነሳሉ። ቱቦ ይቀየራል፤ የቦምቦላው ማሰሪያ ብሎኖች በወለሉ ቆርቆሮ ላይ የተውት አራት ቀዳዳ ግን በቀላሉ አይጠፋም። አራቱ ቀዳዳዎች ከተገኙ ንግግሩ ስለ ሞተሩ ይሆናል፤ ዋጋውም እንደገና ከታች ይጀመራል።